የበጎ ፈቃደኞችን ስም፣ ስልክና መታወቂያ እንዴት እንጠብቅ? አይቲ ክፍል ለሌላቸው ትንንሽ ማኅበራት የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ የሚዞረው ወረቀት አቴንዳንስ ነው። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። ወረቀቱ አርባኛው ፈራሚ እጅ ሲደርስ ከእሱ በፊት የፈረሙት ሁሉ ከነአድራሻቸው ፊቱ ተዘርግተዋል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ቢያነሳው ማን ይከለክለዋል? ከፈረሙት መካከል አንዲት ልጅ በዚያው ማታ ከማታውቀው ቁጥር መልእክት ቢመጣላት ቁጥሯ ከየት እንደወጣ አታውቅም። ማኅበሩም አያውቅም።

ስለ መረጃ ጥበቃ ሲነሳ ብዙ ሰው አእምሮው የሚሄደው ወደ ሀከር ነው። ሀከር የለም አልልም። አንድ ላፕቶፕ፣ የጸሐፊው ስልክና አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ያለው ማኅበር ግን ከሁሉ በፊት መፍራት ያለበት ቅጂን ነው። ያው ዝርዝር በወረቀት አለ፣ በኤክሴል አለ፣ በሰብሳቢው ቴሌግራም አለ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ ለጋሹ ኢሜይል ውስጥም አለ። ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የሚያተኩሩት ቅጂዎቹን በመቀነስና የቀሩትን በመቆለፍ ላይ ነው። አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም።

ስለ ሕጉ በአጭሩ

ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የሚመለከተው ባንክና ቴሌኮም ብቻ ይመስላቸዋል ብዙ ማኅበራት፤ እንዲህ አይደለም። የሰዎችን መረጃ ለምን ዓላማና እንዴት እንደሚይዝ የሚወስን ድርጅት ሁሉ፣ በጎ አድራጎት ይሁን ንግድ፣ ኃላፊነት አለበት። መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ ይሰበሰባል፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰበሰብም፣ ባለቤቱ ማየት፣ ማሳረምና ማስጠፋት ይችላል። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጤና ሁኔታና የጣት አሻራን የመሰሉ መረጃዎች ደግሞ ጠንከር ያለ ጥበቃ አላቸው። በባለሥልጣኑ መመዝገብ ስለሚያስፈልግበት ሁኔታም ድንጋጌ ስላለው፣ ማኅበራችሁን ይመለከተው እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት መመዝገባችሁ ለዚህኛው ጉዳይ ምትክ አይሆንም።

በአውሮፓ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው ጂዲፒአር የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይመለከታቸዋል። እዚያ ያለ ማኅበር እዚህ ካለ ቅርንጫፉ ጋር ዝርዝር የሚለዋወጥ ከሆነ ሁለቱንም ሕግ ማሰብ አለበት።

1. ዝርዝሮቹ የት የት እንዳሉ ጻፉ

ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አንድ ከሰዓት ይቀመጡ። ባዶ ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ምን ዓይነት ዝርዝር፣ የት ነው ያለው፣ ማን ያየዋል፣ ለምን እንይዘዋለን። ከቢሮው ቁም ሳጥን ጀምሩ፤ ከዚያ ላፕቶፑ፣ ፍላሾቹ፣ የእያንዳንዳችሁ ስልክ፣ ቴሌግራም፣ ኢሜይል፣ ጉግል ድራይቭ።

ቴሌግራም ላይ መፈለጊያው ውስጥ “ስም ዝርዝር”፣ “አቴንዳንስ”፣ “ፔሮል” እያላችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፈልጉ። የሚወጣው ነገር ያስደነግጣችኋል። ከዓመታት በፊት ለአንድ ቀን ሥልጠና የተላከ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለበት ኤክሴል አሁንም ሃያ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። “ለምን እንይዘዋለን” የሚለው ቦታ ባዶ ከቀረ፣ ወይም “ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል” የሚል ከተጻፈበት፣ ያ ዝርዝር የሚጠፋ ነው።

2. ቅጹን አሳጥሩ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። የምዝገባ ቅጻችሁን አውጡና እያንዳንዱን ጥያቄ “ይህን ባናውቅ የትኛው ሥራ ይቆማል?” እያላችሁ ፈትሹት።

ስም ያስፈልጋል። የአያት ስም የምስክር ወረቀት ሲጻፍ እንጂ ሲመዘገቡ አያስፈልግም። ስልክ ያስፈልጋል። የቤት ቁጥር ግን ለምን? በጎ ፈቃደኛውን ቤቱ ሄዳችሁ አትጠሩትም፤ ምድብ ለማውጣት ክፍለ ከተማው ይበቃል። የትውልድ ዘመን ከሆነ የምትጠይቁት 18 ዓመት ሞልቶት እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ እንግዲያው እሱኑ ጠይቁ። የጋብቻ ሁኔታና ሃይማኖት ከሌላ መሥሪያ ቤት ቅጽ ተገልብጠው የገቡ ናቸው፤ ሰርዟቸው። የምግብ ሁኔታ ማወቅ ካስፈለጋችሁ “ጾም ነው ወይ? የማይስማማዎት ምግብ አለ?” ማለት ይቻላል፤ ሃይማኖቱን መመዝገብ አያስፈልግም።

የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ተረስቶ የሚቀር ነገር ነው። እዚያ የሚጻፈው እናት፣ እህት፣ ባለቤት ነው፤ እነሱ ደግሞ ለማኅበሩ ምንም አልፈቀዱም። ለጉዞና ለጉልበት ሥራ ብቻ ጠይቁ፣ በዚያ ቀን አስተባባሪ እጅ ባለ የታሸገ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡት፣ ቡድኑ በሰላም ሲመለስ ቅደዱት። አለርጂ፣ አስም፣ የሚወሰድ መድኃኒት የመሳሰለውም እዚያው ፖስታ ውስጥ ይግባ፤ ዋናው ኤክሴል ላይ በፍጹም አይጻፍ።

ወደ መታወቂያ ኮፒ እንምጣ። “የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ አያይዙ” የሚለው መስመር በየቅጹ አለ፤ ለምን እንደገባ የሚያስታውስ ግን የለም። ኮፒው ላይ ያለውን ተመልከቱ፦ ፎቶ፣ የትውልድ ቦታና ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ የተጠሪ ስምና ስልክ። በብዙ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ ብሔር የሚል መስመርም ነበር። እናንተ ብሔር አልጠየቃችሁም፤ ኮፒውን በመሰብሰባችሁ ግን በሕግ ልዩ ጥበቃ ያለውን መረጃ ክላሰር ሙሉ ይዛችኋል። በዚህች አገር ባለፉት ዓመታት የሆነውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ክላሰር ባልተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ መቀመጡን ቀላል ነገር ብሎ አያልፈውም።

መፍትሔው ማየትና መመለስ ነው። መታወቂያውን ያያችሁት ሰው ስማችሁን ጽፋችሁ “መታወቂያ ታይቷል” ብላችሁ ከነቀኑ ፈርሙ፤ ካርዱን ለባለቤቱ መልሱ። የአበል ክፍያ ስላለ ኦዲተር ኮፒ ይጠይቃል የሚል ካለ ኦዲተሩን በደብዳቤ ጠይቁት፤ የፈረመበት መክፈያ ቅጽና የባንክ ማስረጃ ይበቃኛል ሊል ይችላል።

ፋይዳ ሲመጣ ደግሞ ቁጥሮቹን ለዩ። 12 አሃዝ ያለው ፊን የሚባለው ልዩ ቁጥር ከሰውየው ጋር ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው። 16 አሃዝ ያለው ፋን በእሱ ምትክ እንዲሰጥ የተዘጋጀ፣ ችግር ቢመጣ ሊቀየር የሚችል ቁጥር ነው። ለአንድ ቀን ችግኝ ተከላ ሁለቱም አያስፈልጉም። የግድ ካስፈለገ 16 አሃዙን ብቻ ውሰዱ፤ የካርዱን ሁለት ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ አትላላኩ።

3. ለምን እንደምትይዙት በግልጽ ጻፉላቸው

ቅጹ ላይ፣ ከፊርማው በላይ፣ በቀላል አማርኛ የሚነበብ አንቀጽ አስገቡ። የጠበቃ ቋንቋ አያስፈልግም። ለምሳሌ፦

“የምንወስደው ስምዎን፣ ስልክዎንና የሚመቹዎትን ቀናት ነው። የምንጠቀምበት በዚህ ክረምት ለቤት እድሳት ሥራ ለመደወልና ምድብ ለማውጣት ነው። የሚያዩት የማኅበሩ ጸሐፊና የምድብዎ አስተባባሪ ብቻ ናቸው። ሕግ ካላስገደደን በቀር ሳንጠይቅዎ ለሌላ አንሰጥም። ሥራው ካለቀ በኋላ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እናጠፋዋለን። እንዲታረም ወይም እንዲጠፋ ከፈለጉ በማኅበሩ ስልክ ይደውሉልን።”

የፎቶ ፈቃድ ከዚህ ተለይቶ ይጻፍ፦ “ፎቶዬ በማኅበሩ ገጽ ቢወጣ ፈቃደኛ ነኝ / አይደለሁም።” አስቀድማችሁ ምልክት አድርጋችሁ አትስጡ። “አይደለሁም” ያለ ሰውም ሥራው ላይ እኩል ይሰለፋል። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ተማሪዎች ወላጅ ወይም አሳዳጊ አንብቦ ይፈርም፤ መምህሩ በጅምላ የፈረመላቸው ዝርዝር አይበቃም።

እዚህ ላይ የሥራችሁን ዓይነት አስቡ። ከስደት ተመላሾችን፣ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ወይም ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን የሚደግፍ ማኅበር ከሆናችሁ፣ ዝርዝሩ ላይ ስም መገኘቱ ብቻውን ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ “የበጎ ፈቃደኞቻችን” የሚል ፎቶ ከነስም ገጽ ላይ አይለጠፍም፤ ፈቃድ ቢሰጡም ሁለቴ አስቡበት።

4. አቴንዳንሱን ለሁለት ክፈሉ

አዟዟሪ ወረቀቱ ላይ ተራ ቁጥር፣ ስምና ፊርማ ብቻ ይኑር። ስልኩ ከጸሐፊው ጋር ያለው ዋና መዝገብ ላይ አስቀድሞ አለ፤ በየቀኑ እንደ አዲስ የሚጻፍበት ምክንያት የለም። አዲስ የመጣ ሰው ካለ ለብቻው ትንሽ ካርድ ይሙላና ለጸሐፊው ይስጥ።

አበል የሚከፈል ከሆነ መክፈያ ቅጹ ላይ የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር ይኖራል። ይህ ወረቀት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ አይዞርም። አንድ በአንድ እየተጠሩ ይፈርሙ፤ የሌሎቹን መስመር በነጭ ወረቀት ሸፍኑት። ሰልፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ይርዘም።

5. አንድ ዋና መዝገብ፣ አንድ ቦታ

ከእንግዲህ ስልክና ስም አብረው የሚቀመጡበት አንድ ፋይል ብቻ ይሁን። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት፤ ምርጫው የእናንተ ነው።

ኤክሴል ከሆነ፦ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ፕሮቴክት ወርክቡክ፣ ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ። “ፕሮቴክት ሺት” የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሰው ሳያስበው እንዳያበላሽ እንጂ እንዳያነብ አይከለክልም። ኢንክሪፕት ያደረጋችሁት ፋይል ፓስወርዱ ከጠፋ ማይክሮሶፍትም አይከፍትላችሁም፤ ስለዚህ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ከማኅበሩ ማኅተም ጋር ቆልፉበት።

ኮለም ወይም ሺት መደበቅን ጥበቃ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ መልስ አድርጎ የላከው ኤክሴል ውስጥ የተደበቀ ሺት ነበር። ወደ 9,500 የሚጠጉ የፖሊስ አባላትና ሠራተኞች ስምና የሥራ ቦታ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ 750,000 ፓውንድ ቀጣው። ማንም ሰብሮ አልገባባቸውም። ዝርዝር ወደ ውጭ ስትልኩ የሚያስፈልጉትን ኮለሞች ኮፒ አድርጋችሁ አዲስ ፋይል ላይ ለጥፉ፤ ዋናውን ፋይል አጉድላችሁ አትላኩ።

ጉግል ሺት ከሆነ፦ ሼር የሚለውን ተጭናችሁ “ጄኔራል አክሰስ” የሚለውን እዩ። “ኤኒዋን ዊዝ ዘ ሊንክ” ካለ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ይከፍተዋል፤ “ሪስትሪክትድ” አድርጉትና የሁለት ወይም የሦስት ሰው ኢሜይል አስገቡ። ፋይሉ የማኅበሩ በሆነ ጂሜይል ይከፈት እንጂ በጸሐፊው የግል ጂሜይል አይሁን። የአካውንቱ መልሶ ማግኛ ስልክ የአንድ ግለሰብ ቁጥር ከሆነ ያ ግለሰብ ሲለቅ መዝገቡም አብሮት ይሄዳል፤ ማኅበሩ የራሱ ሲም ካርድ ይኑረው።

በጉግል ፎርም የምትመዘግቡ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ “ቪው ሪዘልትስ ሰመሪ” የሚለው መጥፋቱን አረጋግጡ። እሱ ከበራ ቅጹን የሞላ ሰው ሁሉ የሌሎቹን መልስ ማየት ይችላል። ሌላው ወጥመድ ደግሞ ጸሐፊው ለበጎ ፈቃደኞቹ የቅጹን መሙያ ሊንክ በመላክ ፈንታ የማስተካከያውን ሊንክ ኮፒ አድርጎ መላኩ ነው። ሊንኩን ግሩፑ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት በሌላ ስልክ፣ አካውንት ሳትገቡ፣ ከፍታችሁ ሞክሩት።

ላፕቶፑ ፓስወርድ ይኑረው፣ ዊንዶውስና ብራውዘሩ አፕዴት ይደረጉ። አፕዴት ዳታ ይበላል ተብሎ ለዓመት የሚዘጋበት ቢሮ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515,000 በላይ የሆኑ ለችግር የተጋለጡ ሰዎች መረጃ መሰረቁን አስታውቆ ነበር። የ2,000 ያህል የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች የመግቢያ መረጃም አብሮ ተነክቷል። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በጊዜው ባልተደፈነ የሶፍትዌር ክፍተት ነው። ያን ያህል አቅም ያለው ድርጅት ከተጋለጠ፣ ክራክ በተደረገ (ያለ ፈቃድ በተጫነ) ዊንዶውስ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ዝርዝር ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

6. ቴሌግራምና ዋትሳፕ

ለማስታወቂያ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ። በቴሌግራም ቻናል ላይ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር የሚያየው አድሚን ብቻ ነው፤ ግሩፕ ላይ ግን አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። ውይይት የሚያስፈልገው የምድብ ቡድን ብቻ የራሱ ትንሽ ግሩፕ ይኑረው፣ ሥራው ሲያልቅም ይዘጋ።

ዋትሳፕ ግሩፕ የእያንዳንዱን አባል ስልክ ለሌላው ያሳያል። ስለዚህ የማይተዋወቁ ሰዎችን፣ በተለይ ወጣት ሴቶችን፣ ሳትጠይቁ ዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ አትክተቱ። ብሮድካስት ሊስት (አንድ መልእክት ለብዙ ሰው በየግሉ የሚልከው) አማራጭ ነው፤ መልእክቱ የሚደርሰው ግን የእናንተን ቁጥር ለመዘገበ ሰው ብቻ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ለበጎ ፈቃደኞቹም በመጀመሪያው ቀን ገለጻ ላይ ይህን አሳዩአቸው፦ ቴሌግራም፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ፎን ነምበር፤ እዚያ “ኖባዲ” የሚለውን ይምረጡ። ከሥሩ ያለው ቁጥሬን ይዞ ማን ያገኘኛል የሚለው “ማይ ኮንታክትስ” ይሁን። እዚያው ገጽ ላይ ያለውን “ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን” (ከሚላከው ኮድ በተጨማሪ ፓስወርድ የሚጠይቀውን) ያብሩ። አድሚኖች ይህን ሳያበሩ አድሚን መሆን የለባቸውም። የአንድ አድሚን አካውንት ከተጠለፈ ሌባው በማኅበሩ ስም “የአበል ክፍያ ስለምንፈጽም የደረሳችሁን ኮድ ላኩልን” ብሎ ለመቶ ሰው ይጽፋል፤ ከመቶው ጥቂቱ ይልካል።

አንድ ቁርጥ ያለ ደንብ ደግሞ አውጡ፦ ስልክ ያለበት ዝርዝር በፎቶም በፋይልም ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። “ምድባችሁን እዩ” ለማለት ስምና የምድብ ቁጥር ይበቃል።

7. ፎቶ ኮፒ ቤትና ፍላሽ

ፕሪንተር የሌለው ማኅበር ዝርዝሩን የሚያትመው ሰፈር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሂደቱ ይታወቃል፦ “በዚህ ቴሌግራም ላኪው” ትባላላችሁ፣ ትልካላችሁ፣ ልጁ ያወርደዋል፣ ያትመዋል፣ ትከፍላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ፋይሉ ግን ኮምፒውተሩ ዳውንሎድ ውስጥ “ቴሌግራም ዴስክቶፕ” በሚባል ፎልደር ቀርቷል። ያንን ፎልደር ከፍታችሁ ብታዩ የሰው ሲቪ፣ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የክስ ማመልከቻ ተከምሮ ታገኛላችሁ። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያጠፋበት ጊዜ ስለሌለው ነው።

የሚቻል ከሆነ ስልክና አድራሻ ያለበትን ነገር ውጭ አታትሙ። በአራተኛው እርምጃ መሠረት ስምና ፊርማ ብቻ ያለበትን ወረቀት ማተም ይበቃችኋል፤ ባዶ መስመር አትማችሁ ስሙን በእጅ መጻፍም ይቻላል። የግድ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ “ወንድሜ፣ ፋይሉን አጥፋልኝ፤ ሪሳይክል ቢኑንም” በሉት። ቅር አይለውም። ከዚያ በእናንተ በኩል ቻቱን ለሁለታችሁም አጥፉ፤ ቴሌግራም ሲጠፋ ለሌላውም ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በአታሚው የተበላሹ ወረቀቶችንም ይዛችሁ ውጡ፤ የስኳር መጠቅለያ ሆነው ሱቅ የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ፍላሽ ላይ ዝርዝር የምትይዙ ከሆነ በነፃ የሚገኘውን ሰቨን-ዚፕ የተባለ የፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም ጫኑ። ፋይሉን ስታሽጉ በሰቨን-ዜድ ፎርማት አድርጉት፣ ፓስወርድ ስጡ፣ “ኢንክሪፕት ፋይል ኔምስ” የሚለውን ምልክት አድርጉ። ፓስወርዱን በስልክ ተናገሩ እንጂ ከፋይሉ ጋር አትላኩ።

8. ለጋሽ፣ ወረዳ ወይም ሌላ አካል ዝርዝር ሲጠይቅ

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ “አይሆንም” ካልን ገንዘቡ ይቀራል የሚል ፍርሃት አለ። ብዙ ጊዜ ጠያቂው የሚፈልገው ሰዎቹ በእርግጥ መኖራቸውን ማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫ ስጡት፣ ዝርዝሩን ግን ያዙ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

“የተሳታፊዎችን ብዛት በጾታና በዕድሜ ክልል ተለይቶ አያይዘናል። ስምና ስልክ የያዘው ዋና ሰነድ በቢሯችን ይገኛል፤ ተወካይዎ በመጡ ጊዜ ልናሳይዎ፣ ከተሳታፊዎች መካከልም በፈቃዳቸው ሊያነጋግሯቸው የሚችሉ ሰዎችን ልናገናኝዎ ዝግጁ ነን።”

ከመንግሥት አካል ሲጠየቅ በስልክ ወይም በቃል አትስጡ። በደብዳቤ፣ ከነማኅተሙ፣ ለምን ጉዳይና በየትኛው ሕግ እንደሚጠየቅ ተጽፎ ይምጣ። በሕግ የመስጠት ግዴታ ካለባችሁ የተጠየቀውን ብቻ ስጡ፣ ምን፣ ለማን፣ መቼ እንደሰጣችሁ መዝግቡ። ጥያቄው ካልገባችሁ ከመስጠታችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ደብዳቤ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የጽሕፈት ቤት ወግ ነው።

የግል ድርጅቶች “ለሥራ ቅጥር እንፈልጋቸዋለን” ወይም “ነፃ ሥልጠና አለን” ብለው ሲመጡ ደግሞ ማስታወቂያቸውን ተቀብላችሁ ቻናሉ ላይ ለጥፉ። የፈለገ ይደውልላቸዋል።

9. ዝርዝሩ አፈትልኮ ከወጣ

ፋይሉ የማይገባ ግሩፕ ላይ ተለጠፈ፣ ላፕቶፑ ታክሲ ውስጥ ቀረ፣ የጸሐፊው ስልክ ተሰረቀ እንበል። አዋጁ ለባለሥልጣኑ ለማሳወቅ 72 ሰዓት የሚል ጊዜ አስቀምጧል፤ ስለዚህ “ሰኞ እንነጋገርበታለን” አይሠራም።

መጀመሪያ በሩን ዝጉ፦ መልእክቱን አጥፉ፣ ሼር የተደረገውን ሊንክ ሪስትሪክትድ አድርጉ፣ ስልኩ ከተሰረቀ ሲሙን አዘጉ፣ አካውንቱ አስቀድሞ በተከፈተበት ሌላ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ቴሌግራም ውስጥ ገብታችሁ “ዲቫይስስ” ከሚለው የተሰረቀውን አስወጡ፣ የጂሜይሉን ፓስወርድ ቀይሩ። ከዚያ ምን እንደወጣ፣ የስንት ሰው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት የሚለውን ጻፉ። ተጠያቂ መፈለግ ይቆይ፤ የሚቀጣው ማን ነው የሚል ክርክር ከተጀመረ ሁሉም የሚያውቀውን መደበቅ ይጀምራል።

ለሰዎቹ ስትነግሩ አታድበስብሱ፦

“ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምንጽፍልዎ ከማኅበሩ ነው። ትናንት ከሰዓት ስምዎና ስልክዎ ያለበት የበጎ ፈቃደኞች ዝርዝር በስህተት በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ተለጥፎ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆይቷል። የባንክ ሒሳብዎና መታወቂያዎ በውስጡ አልነበሩም። ዝርዝሩን አጥፍተነዋል፤ ያወረደው ሰው ሊኖር ይችላል። በማኅበሩ ስም ደውሎ ኮድ፣ የሚስጥር ቁጥር ወይም ገንዘብ የሚጠይቅዎ ካለ እኛ አይደለንም፤ እባክዎ ያሳውቁን። ይቅርታ እንጠይቃለን።”

የባንክ ሒሳብ ቁጥርም አብሮ ወጥቶ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ጻፉ፣ ባንካቸውን እንዲያሳውቁም ንገሯቸው። ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው ደውሉለት።

10. ማጥፋትና ማስረከብ

ለእያንዳንዱ ዝርዝር የሚጠፋበትን ቀን አስቀድማችሁ ወስኑ። ለጉዞ የተሰበሰበ፣ ከጉዞው ማግስት። ለክረምት ሥራ የተሰበሰበ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶ ሲያበቃ። የክፍያ ሰነዶች በሕግ የሚቆዩበት ጊዜ ስላላቸው የሒሳብ ባለሙያችሁን ጠይቁ፣ ለብቻቸውም ቆልፉባቸው። ከዓመታት በኋላ “የተሳትፎ ማስረጃ ጻፉልኝ” ብሎ ለሚመጣ ሰው የሚያስፈልገው ስሙ፣ የሠራበት ዓመትና የሥራው ዓይነት ብቻ ነው፤ ይህን በአንድ መዝገብ አስቀርታችሁ ስልክና አድራሻውን አጥፉ። ወረቀት ይቀደድና ይቃጠል፤ ለቆራሌው አይሸጥ።

አንድ በጎ ፈቃደኛ “መረጃዬን አጥፉልኝ” ብሎ ሲደውል “ምን አደረግንህ?” አይባልም። ከአንደኛው እርምጃ ላይ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጥታችሁ ስሙ ካለባቸው ቦታዎች ሁሉ አንሱ፤ በሕግ የምትይዙት ሰነድ ካለ የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሚቆይ ንገሩት፣ የቀረውን ማጥፋታችሁን በአጭር መልእክት አረጋግጡለት።

ጸሐፊ ወይም አስተባባሪ ሲለቅ ርክክቡ ቁልፍና ማኅተም ላይ እንዳያበቃ። የርክክብ ቃለ ጉባኤው ላይ እነዚህ ይጨመሩ፦ የማኅበሩ ጂሜይል ፓስወርድ በዚያው ቀን ተቀይሯል፤ መልሶ ማግኛው ስልክ የማኅበሩ ነው፤ ለቃቂው ከጉግል ሺቱ፣ ከቻናሉና ከግሩፖቹ አድሚንነት ወጥቷል፤ የቻናሉ ባለቤትነት ለተተኪው ተላልፏል፤ በግል ስልኩ፣ ላፕቶፑና ፍላሹ ላይ የነበሩ ዝርዝሮችን ሰብሳቢው ባለበት አጥፍቷል። የቻናል ባለቤትነት ለማስተላለፍ ቴሌግራም የለቃቂው ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ቢያንስ ሰባት ቀን ቀድሞ እንዲበራ ይጠይቃል፤ ስለዚህ መሰናበቻው ቀን ሳይደርስ በፊት አስታውሱት። ከዚያ አስረካቢ፣ ተረካቢና ሰብሳቢ ይፈርሙ፤ አንድ ኮፒ ለለቃቂው ይሰጠው።